ባሕሩን የለካችው የእጅ ሙያ መምህርት

ተማሪዎቿ ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን ስሟ «ውሃልክ» ነበር። ግንበኛ ድርድሩ መዝመም አለመዝመሙን የሚያይባት፣ መሐሏ ላይ የአየር አረፋ የምትዋልል ያቺ ትንሽ መሣሪያ ከሥራ ካፖርቷ ኪስ ተለይታ አታውቅም። ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን ትለካለች እያሉ ያሟታል። ሐሜቱም ሐሰት አልነበረም። አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠርታ ሄደች። እሳቸው ስለ ዓመቱ ሪፖርት ሲያወሩ እሷ ጠረጴዛቸውን ለካች፤ ከዚያ «እርሳስዎ እየተንከባለለ የሚወድቅብዎት ለዚህ ነው» ብላ ከአንደኛው እግር ሥር የእንጨት ስንጣሪ ሸጉጣላቸው ወጣች። ሪፖርቱን አላስታወሰችውም።

የጀልባ ጠጋኝ ልጅ ናት። አባቷ በባሕሩ ዳር፣ ታች ሰፈር በሚባለው ዝቅ ያለ መንደር፣ በገዛ እጁ ቤት ሠርቶ፣ በዚያው ቤት አርጅቶ የሞተ አናጺ ነበር። እሷም መጀመሪያ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው የገባችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ስታስቦካ፣ ፌሮ ስታሳስር፣ ወንዶች አለቆቿን «ይሄ አምድ ዘሟል» እያለች ስታናድድ ኖራ፣ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ ሙያ ክፍል ሲከፍት አመለከተች። የምስክር ወረቀትም ልምድም የነበራት እሷ ብቻ ስለነበረች፣ ቅር ያላቸው ሰዎች ቅር እንዳላቸው ቀጠሯት።

በዚያን ጊዜ የእጅ ሙያ ክፍል ማለት ውጤት የጎደላቸው ልጆች የሚጣሉበት ጥግ ነበር። «ቀለም ያልገባው መዶሻ ይያዝ» ይባላል። በመጀመሪያው ቀን አርባ አንድ ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እሷ በሩን ዘጋችና እጆቿን አጣምራ ቆመች።

«እዚህ የተላካችሁት ጭንቅላታችሁ ስለማይሠራ ነው ብለዋችኋል አይደል?»

አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው እንደዚያ ያሏችሁን ሰዎች በር እንጠግንላቸው።»

የመምህራን ማረፊያ ክፍል በር አራት ዓመት ሙሉ አይዘጋም ነበር። በነፋስ ጊዜ ወንበር ይደግፉበታል። ልጆቹ በሩን ከማጠፊያው ነቅለው አግዳሚ ላይ አስተኙት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩት፤ ሁለቱ ልኮች በአሥራ አንድ ሚሊሜትር ተለያዩ። ለምን እንደተለያዩና በሩን ወደ ቦታው ለመመለስ ከየትኛው ጎን ምን ያህል በመላጊያ መላግ እንዳለበት ለማወቅ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በሂሳብ ክፍል አልገባ ያላቸውን ትምህርት ከኪሳቸው እንደማውጣት መዘዙት። ከሰዓት በኋላ በሩ «ጠቅ» ብሎ ተዘጋ። ውስጥ የነበሩት መምህራን ድንገት ጸጥ ሲልባቸው ደንግጠው ከፍተው ወጡ። አርባ አንዱ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ይስቃሉ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ክፍሏ ለመግባት ጎበዝ የሚባሉት ልጆች ወላጆቻቸውን ይዘው መጡ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። የትምህርት ቤቱ ዴስክ፣ የጣሪያው አሸንዳ፣ የላቦራቶሪው መደርደሪያ፣ ሁሉም የተማሪዎቿ እጅ ነው። አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላት፣ በሙያዋ የሚያስደነግጣት ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው አዲስ የጂኦግራፊ መምህር ሲመጣ ነው። ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሁልጊዜ የተጠቀለለ ካርታ በብብቱ የማይጠፋ። ተማሪዎቹን የዓለም ባሕር ከዓመት ዓመት በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ እያለ መሆኑን አስተማራቸው። እንደ ታች ሰፈር ያሉ ዝቅተኛ ቦታዎች አንድ ቀን አስቸጋሪ ሊሆኑ እንደሚችሉም ነገራቸው። ልጆቹ ከዚያ ክፍል በቀጥታ የሚመጡት ወደ ወርክሾፑ ነበርና ወሬው ሳይበርድ ደረሳት።

«ቲቸር፣ ባሕሩ እየጨመረ ነው አሉ።»

ሞርሳው ላይ ብረት አስራ ትሞርድ ነበር። ሞረዱን አላቆመችም። «ማነው ያለው?»

«የጂኦግራፊው ቲቸር።»

«በምን ለካው?»

ልጆቹ ተያዩ። አንዱ «በሳተላይት» አለ።

«ሳተላይቱ እኛ መንደር ወርዶ ውሃውን ነክቶታል?» አለችና ሞረዱን አስቀመጠች። «አባቴ ሠላሳ ዓመት ጀልባ ያሰረበት የብረት ቀለበት እስከ ዛሬ የጀልባ መቆሚያው ላይ አለ። ውሃው ሲሞላ ትናንትም ይነካዋል፣ ዛሬም ይነካዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ በሉ ወደ ሥራችሁ።»

ይህ ቃል በማግስቱ የጂኦግራፊው መምህር ጆሮ ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሱ ግን በምሳ ሰዓት ካርታውን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ወርክሾፑ መጣ።

«እትዬ፣ ውሸታም አሉኝ?»

«ውሸታም አላልኩህም፤ አልለካህም ነው ያልኩህ።»

«እኔ ባልለካ የለኩ ሰዎች አሉ። በብዙ አገር፣ በብዙ ወደብ።»

«ይሁን። እኔ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ዓመት የግንባታ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው ልክ ይዞ ቆርቆሮ የቆረጠ፣ ሁለት ጊዜ ቆርቆሮ ይገዛል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አየህ ወንድሜ፣ እናቴ ያለችው ታች ሰፈር ነው። አባቴ የሠራው ቤት ውስጥ። አንተ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ስታሰምር፣ መስመሩ በእናቴ ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ዝም ብዬ እንድቀበልህ አትጠብቅ።»

ወጣቱ መምህር ካርታውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረና «እንግዲያው እንለካ» አለ። «ግን ባሕር አንድ በር አይደለም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አያልቅም። ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

«ጡረታ እስክወጣ አሥራ ሁለት ዓመት አለኝ» አለችው። «ይበቃሃል?»

መሣሪያውን የሠሩት የዚያ ዓመት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሰው ክንዱን ሊያስገባበት የሚችል ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ በጀልባ መቆሚያው አምድ ላይ በብሎን አሰሩ። የቱቦው ታች ተደፈነና ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሱበት፤ ውሃው ቀስ ብሎ እየገባና እየወጣ ከባሕሩ ጋር እኩል እንዲቆም፣ ሞገዱ ግን ውስጥ ገብቶ እንዳይዘል። በቱቦው ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ ቆርቆሮ አለ፤ ከተንሳፋፊው ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለው ቀስት በሚሊሜትር በተሰመረ ሰሌዳ ላይ የውሃውን ከፍታ ያሳያል። በቃ። አንድ ዕቃ እንኳ ከውጭ አልመጣም።

ሥራው ሊጀመር ሲል ግን አስቆመቻቸው። «መነሻ ነጥብ የሌለው ሥራ ቤት አይባልም፣ ክምር ነው» አለችና ከመቆሚያው መቶ ሃያ ሜትር ራቅ ብሎ ወዳለው ትልቅ አለት ወሰደቻቸው። አለቱ ላይ በመሮ ምልክት አስቀረጸች። ከዚያ ግንበኞች እንደሚያደርጉት በረጅም ግልጽ ጎማ ውስጥ ውሃ ሞልተው፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ይዘው፣ የአለቱን ምልክትና የመቆሚያውን ራስ ከፍታ እየተቀባበሉ አስተያዩና ልዩነቱን ጻፉ። ልጆቹ ይህ ለልምምድ መስሏቸው እያጉረመረሙ ነው የሠሩት። ለእሷም ቢሆን ከልማድ ያለፈ ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ተንሳፋፊ በሳምንቱ ውሃ አስገብቶ ሰመጠ። ሁለተኛውን በደንብ በየዱት። በሦስተኛው ወር ደግሞ ተረኛ ተማሪዎች እየሮጡ መጡ።

«ቲቸር! ባሕሩ ሦስት ቀን ሙሉ አልተንቀሳቀሰም!»

«ባሕሩ?»

«ቀስቱ እዚያው ነው። አልሞላም፣ አልጎደለም።»

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። የባሕር ቀንድ አውጣና አልጌ ቀዳዳዎቹን ደፍነዋቸው ነበር። «ባሕሩ አልሞተም፤ እንቅልፍ የወሰደው የእኛ ቱቦ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት የሥራው ክፍል ሆነ፤ ያልወደደው የለም፣ እግር ውሃ ውስጥ ስለሚያስነክር።

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ከትምህርት በኋላ፣ ተረኞች ወርደው ያነባሉ፤ ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ልኩንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፋሉ። በዕረፍት ወራት ታች ሰፈር የሚኖሩት ልጆች ይቀጥላሉ። በዓመቱ መጨረሻ የጂኦግራፊው መምህር ተማሪዎቹን ይዞ አማካዩን ያወጣል። አንድ ክፍል ይመረቃል፣ ሌላው ደብተሩን ይረከባል።

በሁለተኛው ዓመት አማካዩ ከመጀመሪያው በዘጠኝ ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ውሃልክ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ውጤቱን በትልቅ ወረቀት ጽፋ የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ለጠፈችው፤ ያው የምትኮራበት በር ላይ።

የጂኦግራፊው መምህር አንብቦ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ዘንድሮ ነፋሱ ከየብስ ሲነፍስ ነው የከረመው። ውሃውን ገፍቶታል። ፍርዱን አያፍጥኑት።»

«ሲጨምር ባሕሩ፣ ሲቀንስ ነፋሱ?»

«ሲጨምርም ነፋሱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዓመቱ የሚበዛው።»

መምህሩ እውነቱን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ልኩ ወደ ላይ ተመለሰ። በአራተኛው ጨመረ። በአምስተኛው ትንሽ ቀነሰ፣ በስድስተኛው እንደገና ጨመረ። በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ከመነሻው በሃምሳ አምስት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ውሃልክ ደብተሮቹን ወርክሾፑ አግዳሚ ላይ ደርድራ ከዳር እስከ ዳር ራሷ ደመረች። ድምሩ ያው ነው። ልቧ ድንግጥ አለ፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የሷው ነበር፤ የሳተላይት አልነበረም።

የሚገርመው በዚህ ጊዜ መጠራጠር የጀመረው የጂኦግራፊው መምህር መሆኑ ነው።

«በዛ» አለ፣ ጭንቅላቱን እያከከ። «በእነዚህ ዓመታት ሃያ አምስት ሚሊሜትር ገደማ ነው የጠበቅኩት። ይሄ ከእጥፍ በላይ ነው። ምናልባት መሣሪያው...»

«መሣሪያው ምን?»

«ተሳስቶ ይሆናል።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ባሕሩ ጨመረ እያልክ ስትነዘንዘኝ ቆይተህ፣ አሁን ባሕሩ ጨምሮ ሳሳይህ በዛ ትለኛለህ? አንተን ማስደሰት እንዴት ያለ ጣጣ ነው!»

ነገሩን የፈታችው የዚያ ዓመት ተማሪ ናት፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ጥያቄዋ ስለማያልቅ ጓደኞቿ «ለምን» ብለው ስም አውጥተውላታል። ሁለቱ መምህራን ሲከራከሩ ብሩሿን ይዛ ከጎናቸው ቆማ ነበር።

«ቲቸር» አለች ይህቺ ልጅ፣ «ውሃው ነው ከፍ ያለው ወይስ መቆሚያው ነው የሰመጠው?»

ሁለቱም ዞር ብለው አዩዋት።

«ቱቦው የታሰረው መቆሚያው ላይ ነዋ» ቀጠለች ልጅቷ፣ ያጠፋች መስሏት ድምፅዋ እየቀነሰ። «መቆሚያው ከወረደ ሰሌዳውም አብሮት ይወርዳል። ያኔ ውሃው ከፍ ያለ ይመስላል።»

ውሃልክ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ግልጽ ጎማ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። «ተነሱ» አለች።

በዚያ ከሰዓት በኋላ መላው ክፍል ከአለቱ እስከ መቆሚያው ተሰለፈ። በጎማው ውስጥ አንዲት አረፋ ከቀረች ልኩ ውሸት ስለሚሆን፣ አረፋ ፍለጋው ራሱ አንድ ሰዓት ፈጀ። የጂኦግራፊው መምህር ሱሪውን ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ «ቀጥ በል፣ ካርታ አይደለም የያዝከው» እያለች ትጮህበታለች። ሦስት ጊዜ ለኩ። ሦስቱም ጊዜ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር በላይ አልተለያየም። ከሰባት ዓመት በፊት አጉረምራሚ ልጆች ከጻፉት ልክ ጋር ሲያስተያዩት፣ መቆሚያው በሠላሳ አንድ ሚሊሜትር ወርዷል። ከሃምሳ አምስቱ ላይ ሠላሳ አንዱ ሲቀነስ ሃያ አራት ይቀራል።

ባሕሩም ጨምሯል፤ መሬቱም ሰምጧል።

በአባቷ የብረት ቀለበት ላይ ይህ ለውጥ በዓይን የሚለይ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ያየችው በትዝታ እንጂ በሜትር አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ክፍሎች ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበች። ካፈርኩ አይመልሰኝ የምትል ሴት አልነበረችም።

«ሰባት ዓመት ባሕሩ አልጨመረም ስላችሁ ነበር» አለች። «ተሳስቼ ነበር። አለመለካቴን ሌላው ላይ ሳመካኝ የከረምኩት እኔው ራሴ ነኝ። የጂኦግራፊው መምህራችን ልክ ነበር።»

መምህሩ ከኋላ እጁን አወጣ። «እኔም መሬቱን ረስቼው ነበር። ደግሞ ሰባት ዓመት ለባሕር አጭር ነው፤ ቁጥሩ ገና ሊስተካከል ይችላል። አቅጣጫው ግን ያው ነው።»

«ሰማችሁ?» አለች ውሃልክ። «አሸንፎም መጠራጠሩን አልተወም። እንዲህ ነው ባለሙያ ማለት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ግን በዚያው ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ወርክሾፕ ሊሠራ ወሰነ። ቦታው ከታች ሰፈር ጋር የሚዋሰነው ሜዳ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ፕላኑን በደስታ ዘርግተው ሲያሳዩዋት፣ እሷ ዓይኗ ያረፈው ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል በተጻፈች አንዲት መስመር ላይ ነው። የወለሉ ከፍታ የሚወሰደው ከጀልባ መቆሚያው ራስ ተነሥቶ ነው ይላል።

ፕላኑን ጠቅልላ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ሄደች። መሐንዲሱ ጨዋ ሰው ነው፤ ሥራ ግን በዝቶበታል። ቆሞ ነው ያናገራት።

«መቆሚያው እየሰመጠ ነው ይላሉ። ማን ለካው?»

«ተማሪዎቼ።»

«የእጅ ሙያ ተማሪዎች?»

«አዎ፣ የእጅ ሙያ ተማሪዎች። በእጃቸው ነው የለኩት፤ በአፋቸው ቢሆን አልመጣም ነበር።»

መሐንዲሱ ሳቁን ለመደበቅ ሳል አለ። «እትዬ፣ ያ መቆሚያ የከተማው መነሻ ነጥብ ሆኖ ሠላሳ ዓመት አገልግሏል።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት። በአሮጌው ካርታዎ ላይ የአለቱም የመቆሚያውም ከፍታ ተጽፏል አይደል? ነገ ጠዋት ይምጡና የጎማውን አንድ ጫፍ ይያዙልኝ። ተሳስቼ ከሆነ ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም። እንደዚህ ያለ ዕድል በየቀኑ አያገኙም።»

መጣ። አዲስ ጫማ አድርጎ መጣና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ አበላሸው። ሲጨርሱ አሮጌውን ካርታ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቀነሰ፤ ደገመና ቀነሰ። መነጽሩን አወለቀ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ መቆሚያው በአሥራ አራት ሳንቲሜትር ወርዷል። የባሕሩ ጭማሪ ሲታከልበት፣ አዲሱ ወለል ከታሰበው ከአንድ ስንዝር በላይ ወደ ውሃው ቀርቦ ሊሠራ ነበር።

«ከአለቱ ነው የምንነሣው» አለ በመጨረሻ። «ለመጪዎቹ ዓመታትም እንጨምርበታለን።»

ወለሉ አምስት ደረጃ ከፍ ብሎ ተሠራ። አንዳንድ ሰው «ወርክሾፕ ነው ወይስ ቤተ መንግሥት?» እያለ ቀልዷል። ውሃልክ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

የከበዳት እናቷን ማሳመን ነበር። አሮጊቷ ስለ ሚሊሜትሩም ስለ ጎማውም ጸጥ ብለው ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ይምጣ» አሉ። «እኔ መቼ ዋና ሳልችል ቀረሁ?»

«እማዬ፣ ሰማንያ ዓመትሽ ነው።»

«ባሕሩም ሽማግሌ ነው።»

«ላይ ሰፈር እኔ ጋ ብትመጪስ?»

«አባትሽ ያቆመውን ቤት ለዓሣ ትቼ? አላደርገውም!»

ውሃልክ እናቷን ታውቃቸዋለችና አልተከራከረችም። ይልቅ የዚያን ዓመት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የተግባር ፈተና የእናቷን ቤት ወለል በሁለት ስንዝር ከፍ ማድረግ አደረገችው። ዕቃው ወጣ፣ ድንጋይ ተሞላ፣ ሲሚንቶ ተለሰነ፣ የበሩ ደፍ አብሮ ከፍ አለ፣ በሩም ከላይ ተቆርጦ ተስተካከለ። ለምን የተባለችው ልጅ የሥራው መሪ ሆና፣ እያንዳንዱን ጥግ ሁለት ጊዜ እየለካች ጓደኞቿን አስመረረቻቸው። አሮጊቷ ጓሮ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ይቆጣጠራሉ።

«ጣሪያው ጭንቅላቴን ሊመታኝ ነው!» ይላሉ።

«እማዬ፣ ጣሪያውን ለመንካት ገና መሰላል ያስፈልግሻል» ትላቸዋለች ልጃቸው፣ ከውስጥ።

ልጆቹ ሁሉም አለፉ።

አዲሱ ወርክሾፕ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት ያ ነፋስ መጣ። ሁለት ቀን ሲነፍስ ቆይቶ፣ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ውሃውን ወደ የብስ ገፋው። ውሃው መቆሚያውን ዋጠው፤ በታች ሰፈር ዋና መንገድ ላይ ወጥቶ እስከ ጉልበት ደረሰ። ሰው ልጁን በትከሻው፣ ፍራሹን በራሱ አድርጎ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ቅርብ የነበረው ከፍ ያለ ቦታ ወርክሾፑ ነው። ውሃልክ በሮቹን ወለል አድርጋ ከፈተች። ተማሪዎቹ መጋዙንና መሮውን ከአግዳሚዎቹ ላይ ሰብስበው፣ አግዳሚዎቹን አልጋ አደረጓቸው። ወደ ሰባ የሚጠጋ ሰው ገባ። እናቷ ውሃው ሳይመጣ ጠዋቱን ጃንጥላቸውን ይዘው በእግራቸው መጥተው፣ ከሁሉ የተሻለውን አግዳሚ ይዘዋል።

የጂኦግራፊው መምህርና መሐንዲሱ ደጃፉ ላይ ቆመው ደረጃውን ይቆጥራሉ። አንደኛው ተዋጠ። ሁለተኛው ተዋጠ። ሦስተኛው ላይ ውሃው ሄድ መለስ ሲል ቆየ። ከቀትር በኋላ ሦስተኛው ደረጃ እርጥብ ሆኖ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሁለተኛው። መሐንዲሱ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ወደ ውሃልክ ዞረ።

«በቀድሞው ፕላን ቢሆን...» አለ።

«በቀድሞው ፕላን አይደለም» አለችው። «ይልቅ ያንን ብርድ ልብስ ያቀብሉኝ።»

ሰዎቹ በሦስተኛው ቀን ወደየቤታቸው ተመለሱ። ብዙዎች ጭቃ ሲጠርጉ ከረሙ፤ ተማሪዎቹ የተጣመሙ በሮችን እየነቀሉ፣ እየላጉ፣ መልሰው ሲሰቅሉ ወሩ አለቀ። እናትና ልጅ ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ ውሃው በግቢው አልፎ የደፉን ድንጋይ ልሶ፣ ከላይኛው ጠርዝ አንድ ጣት ሲቀረው መቆሙን የጭቃው መስመር ያሳያል። ወለሉ ደረቅ ነው። ውሃልክ እናቷን አየቻቸው፤ አንዲት ምስጋና ብትጠብቅ አይፈረድባትም።

አሮጊቷ መስመሩን ጎንበስ ብለው በጣታቸው ለኩ። «አባትሽ ቢሆን ሁለት ስንዝር አይልም ነበር» አሉ። «ሦስት ነበር የሚለው።» ይህን ብለው ገቡ። ውሃልክ ደጃፉ ላይ ቆማ ሳቀች፤ ከአባቷ ሞት ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ጡረታ የወጣችው ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመቱ ነው። ደብተሮቹን የጂኦግራፊው መምህር ተረከበ፤ አሁን በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚያስተምረው ወርክሾፑ ውስጥ ነው፤ ካርታው በዘይት ተበላሽቷል። ለምን የተባለችው ልጅ የመሬት ቅየሳ ተምራ ተመልሳ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ከመሐንዲሱ ጋር የመላው ከተማን ከፍታ ከአለቱ እየተነሡ እንደ አዲስ እየለኩ ናቸው። መሐንዲሱ ጥያቄዋ በዛብኝ እያለ ያማርራል፤ እንድትዛወር ግን አንድም ቀን አልጠየቀም።

ውሃልክ ቤት መዋል አልሆነላትም። በባሕሩ ዳር በአውቶብስ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ካለ መንደር፣ አንድ አዲስ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክፍል ልንከፍት ነውና ይምጡልን ብሎ ላከባት። ደብዳቤውን ባነበበች በሦስተኛው ቀን ረጅም ቱቦ ተሸክማ አውቶብስ ላይ ወጣች። ቱቦው አልገባ ብሎ ግማሹ በመስኮት ወጣ።

«እናቴ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አለ ረዳቱ።

«ቱቦ ነው።»

«እሱስ አያለሁ። ለምንድን ነው?»

«ተቀመጥና ልንገርህ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው» አለችው። ረዳቱ ሲወርድ ሲሳፈር ያለውን ሰው እየረሳ ሰማት፤ ሾፌሩ ሁለቴ ተቆጣው።

ስትደርስ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች በረንዳ ላይ ተሰብስበው ይጠብቋታል። ወርክሾፕ ገና አልተሠራም። ያለው አንድ አግዳሚ፣ ሁለት መዶሻና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ መጋዝ ነው። መጋዙን አውርዳ ጥርሱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ቅቤ እንኳ አይቆርጥም። ልጆቹ ምን ትል ይሆን ብለው ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

ካፖርቷን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለች፤ እጅጌዋን ሰብስባ «ሞረድ ያለው ማነው?» አለች።